የእማዬ አስተርጓሚ

ሲያትል፣ ጃንዋሪ 4፣ 1997
ዝናብ። ባሕሩም ሞልቶ የዱዋሚሽ ወንዝን ወደ ኋላ ገፋው፤ ውኃው የምንኖርበት ምድር ቤት ገባ። ምንጣፍ ስናደርቅ ዋልን። አባዬ ትራኩን ይዞ ኦሃዮ ነው። ከላይ የሚኖሩት ጋሽ ኪዳነ ወልድ ወርደው ቤቱን መረመሩ። ጥፋተኛው መስኮቱ ሆኖ ተገኘ። የእማዬን ሆድ አይተው፣ ነፍሰ ጡር ብርድ ከመታት አለቀላት ብለው ዙሪያውን በማሸጊያ ቴፕ ለጠፉት። ውኃው የገባው በበር መሆኑን ማን ይንገራቸው?

ጃንዋሪ 13
ግድግዳው ጥቁር ሻጋታ አበቀለ። እማዬ ታስላለች። የሳይንስ አስተማሪዬ ባሕሩ እየሞቀ፣ ከፍ እያለ ነው፣ መጀመሪያ የሚጎዱት ዳር ያሉት ናቸው አለች። ዳር ያለነው እኛ ነን? እጄን ላወጣ ነበር... ተውኩት። ምሳ ብቻዬን።

ጃንዋሪ 21
በጋሽ መኪና ክሊኒክ ሄድን። አስተርጓሚዋ እኔ። ባለፈው ወር ለጋሽ ሳስተረጉም፣ ዶክተሯ ያላለችውን «ማንኮራፋትዎ ለጎረቤት ጤና ጥሩ አይደለም» ብዬ ጨምሬ ነበር። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብለው አደሩ። እስኪነቃብኝ ድረስ ጥሩ ቀልድ ነበር።
ዛሬ ግን ዶክተሯ ያለችውን ቃል በቃል ነው ለእማዬ የነገርኳት፦ ሳሉ ከሻጋታው ነው፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከዚያ ቤት ውጡ፣ ለፅንሱም አደገኛ ነው። ጋሽ ሳቁ። ይቺ ልጅ ደግሞ ጀመረች አሉ።
«እማዬ፣ እውነቴን ነው።»
«በኔም ትቀልጃለሽ?» አለችኝ። 

ጃንዋሪ 22
የመስኮቱን ቴፕ ላጥኩት። እማዬ መልሳ ለጠፈችው።

ጃንዋሪ 29
እማዬን ትንፋሽ አጠራት። ከንፈሯ ጠቆረ። 911 ደወልኩ። አምቡላንሱ ውስጥ እጄን ዘረጋሁላት... የአልጋውን ብረት ያዘች።

ጃንዋሪ 30
ሆስፒታሉ በስልክ የምታስተረጉም አማርኛ ተናጋሪ አለችው። ሳሌም ትባላለች። እኔ ያልኩትን አለች፤ ሻጋታው፣ መስኮቱ፣ ቤቱ። እማዬ «እሺ እህቴ» እያለች ሰማቻት። ጋሽ ጫማቸውን ያያሉ።  ልቀልድባቸው ፈለግሁ... አልመጣልኝም።

ፌብሩዋሪ 19
ኬንት ከተማ አዲስ ቤት ገባን። ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረቅ። ሳሏ ቀለላት። ዛሬ ቀጠሮ ነበራት፤ የሕፃኑን ልብ አሰሙን። ይሮጣል። ነርሷ ታስተረጉሚያለሽ ወይ ብላ ወደ እኔ ዞረች። አፌን ሳልከፍት እማዬ ቀደመችኝ፣ በእንግሊዝኛ።
«ኖ። ቴሌፎን።»
ስልኩን መሃላችን አስቀመጡት። አይታት ለማታውቃት አስተርጓሚ ሁሉን ነገረቻት። ሌሊት ሌሊት ትንፋሼ ይቆማል ብዬ እፈራለሁ፣ እንቅልፍ የለኝም አለቻት።
አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። አላውቅም ነበር።