ጥላ የበላቸው ሁለት ጥርሶች

ለታናሽ እህቴ፣ ለሆዴ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ያ ወገብሽን ይዞሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ «ውይ» ያሰኝሻል? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? መንታዎቹስ? አሁንም አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ መሐረብ ትፈልጋለች? እኛ ደኅና ነን። ደኅና ነን ስልሽ ቆመን እንሄዳለን፣ በልተን እናድራለን ማለቴ ነው እንጂ ልቤስ ከተሰቀለ ሁለት ወሩ።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ጋሼ እያልሽ የምትጠሪው ባለቤቴ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው። ድሮ ከሰዓት መጠገኛ ጠረጴዛው ንቅንቅ የማይለው ሰው ዛሬ ሽንኩርት ስከትፍ ቆሞ ያያል። ሥራ ፈቷል እኮ! ነገሩ የጀመረው ባለፈው በነገርኩሽ የኪስ ሰዓት ነው፤ አንቺን ከእናታችን ሆድ የተቀበሉት የአዋላጇ ሰዓት። ከውስጡ ያለችው ጥርሳም ክብ ብረት፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጠዋ፣ ሁለት ጥርሷ ተጣሞ ተገኘ። ጋሼ «ወረንጦው በእጄ ተንቀጥቅጦ እኔው ጨፍልቄያታለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ያበላኝ እጅ ከዳኝ» ብሎ ደመደመ። ከዚያ ወዲህ ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ብቻ ሆነ ሥራው። አሁን ደግሞ ጠረጴዛውን ከነመሣሪያው ለጎረቤታችን ለስልክ ጠጋኙ ሊሰጥ ተስማምቷል። ሰውየው የፊታችን ቅዳሜ ሊወስድ ይመጣል።

እህቴ፣ የጨፈለቅኋት እኔ ነኝ።

ጋሼ የተፈታ ሰዓት አቧራ እንዳይነካው በተደፋ ብርጭቆ እንደሚከድን ታውቂያለሽ። በቤታችን የተደፋ ብርጭቆ አይነሳም፤ ሕግ ነው። ያን ቀን አዋላጇ ሰዓታቸው መዳኑን ሊጠይቁ መጥተው ውሃ ለመኑኝ። ጋሼ በር ላይ ከደንበኛ ጋር ይነጋገራል። ጓዳ ያሉት ብርጭቆዎች አልታጠቡም፣ እኔ ደግሞ ወሬ ይዣለሁ፤ ወሬ ከያዝኩ እጄ የት እንደሚገባ አላውቅም። የተደፋውን ብርጭቆ ብድግ አድርጌ ሄድኩ። ለካ ጥርሳሟ በዘይት ከብርጭቆው አፍ ላይ ተጣብቃ ኖሯል! ወለሉ ላይ ወደቀችና ተረከዜ ሥር ቀጭ ስትል ሰማኋት። አንስቼ ቦታዋ መለስኳት፣ በሌላ ብርጭቆ ከደንኳት፣ ያንኛውን አጥቤ ውሃ ሰጠኋቸው። አዋላጇም «ተባረኪ፣ እንዴት ያለ ቀዝቃዛ ውሃ ነው» ብለው ጨለጡት።

የዚያኑ ዕለት ልነግረው ነበር። ነገ አልኩ። በነጋታው እጁን እያገላበጠ ሲያየው አገኘሁትና ፈራሁ። ብነግረው እኮ «እጄ አልከዳኝም» ብሎ ደስ ይለው ነበር! ግን ቀን በጨመረ ቁጥር «ለምን እስከ ዛሬ?» የሚለው ከጥፋቱ በለጠብኝ።

በአንቺ በኩል አዲስ አስገዝቼ ልገላገል ብዬ ነው መጀመሪያ ፎቶውን በስልክ የላክሁልሽ። የላክሽው ግን አልገጠመም። ጥፋቱ ያንቺም፣ አዲሷን የሸጠልሽ የሽማግሌው የሰዓት ዕቃ ነጋዴም አይደለም፣ የፎቶው ነው። መብራቱን በአንድ ጎን ብቻ ስላበራሁባት የተጣመሙት ሁለቱ ጥላ ውስጥ ተኝተው ቀሩ፤ አንቺም አሥራ አራት ጥርስ ቆጠርሽ። ጋሼን ቁጠራት ስለው «ዓይኔንም አላምነው» አለኝ። ያቺ ሳትገጥም ስትቀር ጭራሽ ባሰበት።

ስለዚህ ጥግ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ አንሺ ዘንድ ሄድኩ። የተጣመመችውን ከክብሪት ቀፎ አውጥቼ ባሳየው «እትዬ፣ ለዚችም ፓስፖርት ልታወጪላት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ግን ደግ ሰው ነው። «ዕቃው ባነሰ ቁጥር ብርሃኑን አስፊው። አምፖሉን ፊት ለፊት ካሳየሻት እሷ ታብለጨልጫለች፣ አንቺ ምንም አታዪም» አለኝ። መቼም ብዙ ዕቃ ግዢ ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ቤትሽ ያለው ይበቃል» አይለኝ መሰለሽ!

በቃኝም። የጫማ ካርቶን ወስጄ ጎንና ጎኑን እንደ መስኮት ቀደድኩ። በየመስኮቱ ነጭ ፌስታል ወጥሬ በፕላስተር አጣበቅሁ። ከውስጥ ከጀርባው ጀምሮ እስከ ወለሉ አንድ ነጭ ወረቀት ሳላጥፈው አወረድሁ። የኛን የጠረጴዛ መብራት በግራ፣ ከልብስ ሰፊዋ የተዋስኩትን በቀኝ፣ ሁለቱንም ከፌስታሉ ውጪ አቆምኩ። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ፊቷ ቢጫ ግማሽ ፊቷ ሰማያዊ ሆና ወጣች፤ ለካ አምፖሎቹ አንድ ዓይነት አልነበሩም። እሱን አስተካክዬ፣ ከፊቷ የቀረውን ጥላ ለማባረር ነጭ ሳህን አስደገፍኩላት። ስልኩን በመጻሕፍት ላይ አጋደምኩና ጣቴ እንዳያነቃንቀው በራሱ ቆጥሮ እንዲያነሳ አደረግሁት። አሁንም ስትቀርብ ትደበዝዛለች። በመጨረሻ የጋሼን አጉሊ መነጽር ከመሳቢያ አውጥቼ በስልኩ ዓይን ላይ በላስቲክ አሰርኩት። መነጽሩ አቧራ ለብሶ ነበር። በቀሚሴ ጫፍ ወለወልኩት።

ግን ፎቶውን ብታዪው! እያንዳንዱ ጥርስ እንደ ማበጠሪያ ቁልጭ ብሏል። አሥራ ስድስት! ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እንደገና አጉልቼ ስቆጥር ግን ጣቴ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። በተጣመሙት በሁለቱ መካከል አንዲት አረንጓዴ ክር ተሰክታለች። ባዶ ዓይን አያያትም፤ በዚያ ብርሃን ግን ገመድ አክላለች። አንቺ የላክሽልኝ የቤት ጫማ፣ ዙሪያው በአረንጓዴ ሱፍ የተሠራው፣ ያን ቀን ብርጭቆውን ሳነሳም እግሬ ላይ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው በሁለት አምፖልና በአንድ ፌስታል ጠራ።

ክሯን ነቅዬ እንደገና ባነሳት ማን ያውቃል? ወረንጦውን አነሳሁ እኮ። እጄ ግን እንዲህ ተንቀጠቀጠ፣ ክሯን መንካት እንኳ አቃተኝ። እሱ የራሱ ነው ብሎ የሚረግመው መንቀጥቀጥ እኔ ላይ ኖሯል።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ጠራሁት።

እንግዲህ ከነገርኩት በኋላ ነው የምጽፍልሽ። ስልኩን ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ አሰፋ አሰፋና አረንጓዴዋን ክር አገኛት። ከዚያ ወደ እግሬ ተመለከተ። እኔ «ብርጭቆው... አዋላጇ ውሃ ሲሉኝ...» ብዬ ተንተባተብኩ። «ሁለት ወር ሙሉ እጄን ስረግም ቆመሽ ታዪኛለሽ?» አለኝ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አልቅሼ ይቅርታ አልኩት። ብድግ ብሎ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠና «መነጽሬን መልሺ» አለ። ከዚያ በወረንጦው፣ አንዴ ብቻ ሰዶ፣ ክሯን ላጥ አድርጎ አወጣት። እጁ ድንጋይ ነው፣ እህቴ! ክሯን ነጭ ወረቀት ላይ አስተኛትና ብርጭቆ ደፋባት። «ይኼንን ደግሞ ለእንግዳ አቅርቢው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቅዳሜ ለስልክ ጠጋኙ ምን እንደሚለውም አላውቅም። ብቻ ሁለቱንም መብራቶቼን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተክሏቸዋል፤ ልብስ ሰፊዋ የራሷን ፈልጋ ሁለት ጊዜ ብትመጣ «ሥራ ላይ ነው» ብሎ መለሳት።

አደራሽን፣ ልኳ እንዲታወቅ ከጎኗ ማስመሪያ አጋድሜ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች በወረቀት አሳጥቤ ልኬልሻለሁና ለሽማግሌው አሳዪልኝ፤ ወረቀት ካላየ አያምንም ብለሽኛል። አሥራ ስድስት ነው። አዋላጇ በወሩ መጨረሻ ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው ይሄዳሉና ከዚያ በፊት ይድረስልን። በአንደኛው ፎቶ ላይ አረንጓዴዋን አይቶ ምንድን ናት ካለሽ፣ የእህቴ ጉድ ናት በይው።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፣ ሳሉን ይጠንቀቅ። መንታዎቹን እኩል እኩል ሳሚልኝ፣ አንዷ እንዳታኮርፍ። ለአማትሽም ጤና ይስጥልኝ በያቸው፤ የላኩልኝ ሻርፕ ከአንገቴ አይወርድም። ስለ ጫማው ግን አትቀየሚኝ፣ ከአልጋ ሥር ደብቄዋለሁ። ይህን ስጽፍ ጋሼ ከወዲያ ሆኖ «ለማን ነው የምትጽፊው?» አለኝ፤ ለእህቴ ስለው «ጋሼ ሰላም ብሎሻል በያት» አለ። ተናገረኝ እኮ!

ወዳጅሽ ታላቅ እህትሽ
ከሰዓት መጠገኛው ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን