የአባባ መኪና አዲስ ወለል

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፤ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን፣ አንተስ እንዴት ከርመሃል?

አባባ የዚያችን አሮጌ መኪናቸውን ዝገት የበላውን ወለል ቆርጠው አውጥተው በአዲስ ላሜራ እየበየዱ ነው። ትናንት ላሜራውን ይዤላቸው ሳለ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ የብየዳው ፍንጣሪ ቀኝ ጫማቸውን በስቶ ገብቶ ካልሲያቸው ይጨሳል!

"አባባ፣ እግርዎ!" ብዬ ጮህኩ።

መነጽራቸውን ገፋ አድርገው "ምን ሆነ?" አሉኝ።

ውሃ ደፋሁበት። ቆዳቸው ተልጧል።

"እኔ ምንም አልተሰማኝም፣ አንቺን ምን ያስጮህሻል?" ብለው ሳቁ።

ሥራው ሊያልቅ ነው። "ልጄን ራሴ ነድቼ ሄጄ ነው የምቀበለው" እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራሉ። ፍሬኑን የሚረግጡት ግን በዚያው በማይሰማቸው እግር ነው። አደራህን፣ የምትመጣበትን ቀን ለእኔ ብቻ ንገረኝ።

ጤናህን ያብዛልን፤ እህትህ።