ማሽላን የድሀ እህል ላሉት ፕሬዚዳንታችን

ለተከበሩ አቶ እንግዳው ደሴ፣
የቆላ ብርሃን ገበሬዎች ዩኒየን ፕሬዚዳንት፣
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? የደጋው አየር ተስማምቶዎት፣ ጉልበትዎ ጠንክሮ፣ የእኛም ወባ እዚያ ድረስ ተከትላ እንዳላስቸገረችዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የሽንፋው ገበሬ ቢምረው ጀጃው ደህና ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቃሉ የእኔ፣ እጁ የባለሱቋ የረቢዓ ነው። የፊደል ስህተት ቢያገኙ የእሷ ነው፤ ስድብ ቢያገኙ ግን የእኔ ነው።

በመጪው ወር ሸሕዲ ላይ የተሠራው አዳራሽ በስምዎ ሊሰየም፣ እኛም በአይሱዙ ተጭነን ልናጨበጭብ መሆኑን ሰማሁ። ደስ ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ «ቆላውን ያበለጸጉ አባት» እየተባሉ በሬዲዮ ለተወደሱ ሰው አዳራሽ ሲያንስ ነው። እኔ መምጣት ስለማልችል ምስጋናዬን ከዚሁ ላድርስ።

አንደኛ፣ በዚያ በትልቁ ስብሰባ ላይ ቆመው «ማሽላ የድሀ እህል ነው፤ ሰሊጥ ዝሩና ማሽላውን ግዙ» ስላሉን አመሰግናለሁ። ከፊት ተቀምጬ ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ፤ አልክድም። ለጥቂት ዓመታትም ሰሊጡ አበላን፣ የቆርቆሮ ቤት አሠራን። ይህንንም አልክድም።

ሁለተኛ፣ የሙጫውን ግራር ሁሉ አስመንጥረው፣ በሬ የሚያርፍበት አንድ ዛፍ እንኳ ሳያስቀሩ፣ ለሞዴል ገበሬዎች ጃንጥላ ስለሸለሙን አመሰግናለሁ። ለበሬዎቹ ግን አልደረሳቸውም።

ሦስተኛ፣ አባቶቻችን ማሽላ ያኖሩበት የነበረውን ጉድጓድ ትራክተር ይሰብራል ብለው ስላስደፈኑልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ያ ጉድጓድ የሦስት ዓመት ቀለብ ይይዝ ነበር። በምትኩ የሰሊጥ መጋዘን ሠሩልን፤ ቁልፉም እናንተው ዘንድ ነው።

ታዲያ ወደ ጎንደር የሚያወጣው መንገድ ተዘግቶ፣ ማዶ ሱዳን ደግሞ ጦርነት በተነሳ ጊዜ መጋዘኑ እስከ ጣራው በሰሊጥ ሞልቶ ነበር። ሰሊጡን የሚገዛ ጠፋ፤ ግዙ ያሉን ማሽላም ጠፋ። ባለቤቴ ስርጉት ለዘር ያስቀረነውን ሰሊጥ ወቅጣ ገንፎ ልታደርገው ሞከረች። ዘይቱ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ፣ የልጅ ልጆቼም አስመለሳቸው። «በል እንግዲህ ፕሬዚዳንትህን ጥራና ይቅመስልህ!» አለችኝ። ስልክዎን ባውቀው ኖሮ በእውነት እጠራዎ ነበር።

ያተረፈን የረቢዓ ባል ሰፍዋን ነው። ከድንበሩ ማዶ ገላባት ካሉ ዘመዶቹ አንድ ጆንያ ማሽላ፣ እነሱ ዱራ የሚሉትን፣ በአህያ አሻግሮ ሰጠን። ግማሹን በላን፣ ግማሹን ለዘር ደበቅሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ከቤቴ ጀርባ ባለች አንድ ሄክታር ላይ እየዘራሁ ቤተሰቤን የማበላው ያንን ነው። ማሽላ የድሀ እህል ነው ያሉት እውነትዎን ነው፤ ድሀ ያደረጉን ጊዜ ያገኘነው እሱን ብቻ ነው። ረቢዓ እዚህ ላይ ስትደርስ «አያ ቢምረው፣ ይህን ልዝለለው፤ ሱቄን ያሽጉብኛል» ብላኝ ነበር። ዝለይው አልኳት፤ እሷ ግን ጻፈችው።

አራተኛውና ዋናው ጉዳዬ ያችው ሄክታር ናት። ባለፈው ሳምንት የዩኒየንዎ ሠራተኛ ወረቀት ይዞ መጣ። አዳራሹ ሳይመረቅ አባል ሁሉ መሬቱ «መቶ በመቶ ሰሊጥ» እንዲሆን ይፈርም፣ ያልፈረመ መሬቱ ለሌላ ይሰጥ ይላል። ለእንግዶች የሚነበበው «መቶ በመቶ» ወርዶ ዘጠና ዘጠኝ ሆኖ የቀረው በእኔ ነው አሉ። ወረቀቱን ያመጣው ልጅ ቀለሙን አቅርቦ «አባቴ፣ አውራ ጣትዎን ብቻ» አለኝ። እኔም አውራ ጣቴን ከኪሴ አላወጣሁም።

አላወጣምም። ያችን መሬት እርስዎ ገና ሱሪ ሳይታጠቁ በገዛ እጄ ያቀናኋት ናት። አንድ ጊዜ ቃልዎን ሰምቼ ጉድጓዴን ደፈንኩ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው አይዶል? ሁለተኛ ግን ቤተሰቤን ለእርስዎ ቁጥር ማሟያ አላስርብም። ከአባልነት ይሰርዙኝ፣ ትራክተርዎን ይከልክሉኝ፤ ሞፈርና ቀንበሬን አልጣልኩም። መሬቱን ለሌላ እሰጣለሁ ካሉም ሰውየውን እርስዎ ራስዎ ይዘውት ይምጡ፤ ማሽላው መካከል ቆሜ እቀበላችኋለሁ።

በሉ እንግዲህ፣ በቆላችን የሠሩትን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥረው የሚያዩበት ረጅም ዕድሜ፣ ይህን ደብዳቤም ያለ መነጽር የሚያነቡበት ጤናማ ዓይን እንዲሰጥዎ አጥብቄ እየለመንኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ ወገቤ ግን ከዚህ በላይ አይታጠፍም።

አክባሪዎ
ቢምረው ጀጃው
ሽንፋ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ እስኪደርስዎ ማሽላዬ በቅሎ ይቆያል። ጎረቤቶቼም ስዘራ አይተው ዘር ሊለምኑኝ መጡና ለአሥራ አንድ ቤት ሰፍሬ ሰጥቻለሁ፤ እነሱም ዘርተዋል። ስለዚህ ማሽላውን የሚያስገለብጡት ከሆነ፣ ክቡርነትዎ፣ አንድ ትራክተር አይበቃዎትም።