አዲሱ ብረት ፈላጊና የጓሮሽ ጉድጓድ

ለጴጥሮስ እናት፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ያለሽበትን ቤት ጌታ ያውቀዋል፤ ከእኛ ቤት እንደሚሻል ደግሞ አልጠራጠርም። የእኛ ጣሪያ እንደ ድሮው ያፈሳል። የምትጽፈው ልጅሽ አስቴር ናት። ፊደል እንደማላውቅ ታውቂያለሽ፣ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬም ዋሽቼ አላውቅም። ቃሌን ልታሳምርልኝ ስትሞክር እንዳልኩት ጻፊ እላታለሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ተቆጪ። ዳለቻውን ወይፈን ለሆሳዕናው ነጋዴ ሰጥቼ አዲስ የብረት መፈለጊያ መኪና አመጣሁ። አሮጌውን፣ ያን ጣሊያን ጥሎት የሄደውን፣ አንቺ ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን ትይው ነበር። እውነትሽን ነው። ለምስማር ያለቅሳል፣ ለቀይ አፈር ያለቅሳል፣ ሲደክመው ደግሞ ዝም ብሎ ያለቅሳል። አዲሱ ግን ረጋ ያለ ነው። ብረት ሲያገኝ ድምፁ ይወፍራል፣ ነሐስና ብር ሲሆን ይቀጥናል። ጆሮ ላይ የሚደፋ ነገር ስላለው የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ባትሪ ድንጋይም ቶሎ አይጨርስም። ውኃ ሊያወጣ የመጣ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ለነጋዴው የተወው ነው። ፈረንጁም እንደ እኔ ለደስታው ነበር አሉ ሜዳ ለሜዳ ይዞት የሚዞረው። ሥራ ፈት ያላችሁኝ ሁሉ ይህንን ስሙ።

ሰፈሩ ግን በአሮጌው ምክንያት እኔን ማመን ትቶ ነበር። አንቺ ካረፍሽ በኋላ የጸሎት ቤቱ መሠረት ሲቆፈር አሮጌው ጮኸና፣ ከጣሊያን የቀረ ቦምብ አለ ብዬ ሰዉን ቀኑን ሙሉ ሥራ አስፈታሁት። በስንት ጥንቃቄ ተቆፍሮ የወጣው የሰርዲን ቆርቆሮ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፎንቆ ገበያ ስወርድ ዓሣ አጥማጁ መጣ ይሉኝ ጀመር። እኔ ዓሣ በልቼም አላውቅ።

አሁን የምነግርሽን ልብ ብለሽ ስሚ። ክረምቱ ሊገባ ሲል የጴጥሮስ ሚስት ማርታ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት ፍቃ ለቆጮው አዲስ ጉድጓድ ትቆፍር ነበር፤ አንቺ ትቆፍሪበት ከነበረው ከጓሮው ጀርባ። ሴቶች እንሰት የሚፍቁበት ቦታ ወንድ አይገባም። ጃንሆይ ከስደት በተመለሱበት ዓመት ጎጆ ስንወጣ ያንን አጥር አሳይተሽኛል፤ አልፌው አላውቅም። አሮጌውን መኪና ይዤ እርሻውን፣ ግቢውን፣ የገበያውን መንገድ ሁሉ ስፈትሽ ያ አንድ ቦታ ቀረ። የሴቶች ነው፣ አበቃ።

ያን ቀን ከአጥሩ ውጭ ሆኜ አዲሱን ልሞክር ሳዞር ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ወፈረ። ስጠጋ ባሰበት። የመኪናውን ጭንቅላት በአጥሩ ሥር አሾልኬ ባስገባው ድምፁ ማቋረጥ ትቶ አንድ ወጥ ሆነ። ምስማር እንደዚያ አይልም። ቆርቆሮም አይልም። ከአጥሩ ወዲያ የማርታ ዶማ ይሰማኛል፤ ይመታል፣ ያርፋል፣ ይመታል። ማርታ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ቁሙ ብዬ ጮህኩ። ዶማው ቆመ። ትልቅ ብረት አለ፣ ውጡ አልኳቸው። ሳቁ። ምራት ከአማቷ ጋር ፊት ለፊት አትነጋገርምና፣ ማርታ ለጎረቤቷ ስትናገር ሰማሁ፤ ዓሣውን ሲያወጡት ለራት እንመጣለን በይልኝ አለቻት። ዶማው እንደገና ጀመረ።

አሁንም ቆርቆሮ ከሆነ የሚመጣብኝን አውቃለሁ። የሴቶችን ቦታ የረገጠ ሽማግሌ ተብዬ ነው የምቀበረው፤ ስምሽም አብሮ ይነሣል። ቦምብ ከሆነስ? አጥሩን በትከሻዬ ጥሼ ገባሁ። ሴቶቹ ኡኡ አሉ፤ አንዷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፣ ሌሎቹ ሮጠው ወጡ። ማርታ ዶማውን ወደ ላይ አንሥታ ደርቃ ቀረች። ከፊቷ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

“እኔን ምቺኝ፣ መሬቱን አትምቺ” አልኳት።

ዶማውን ወደ እንሰቱ ወርውራ እያለቀሰች ወጣች።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ለመግባት እነሱም ይፈራሉ። ያ ላምቤቦ፣ የሠርጌ ዕለት ሚዜዬ የነበረው፣ ውጣ፣ በሽምግልናህ አታዋርደን አለኝ። አልወጣም፣ ከወጣሁ መልሰው ይቆፍራሉ አልኩት። ጴጥሮስን ሆሳዕና ሂድና ቦምብ የሚያውቅ ወታደር አምጣ አልኩት። ሚስቱንም አየ፣ እኔንም አየ። አፍሮብኛል። ግን ሄደ።

ዝናቡ መጣብኝ። ጉድጓዱ ውኃ መያዝ ጀመረ። ፈራሁ አልልሽም። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው ብዙ ያስባል፤ እኔ የማስበው ብረቱ የላምቤቦ ማረሻ ቢሆን ምን ፊት ይዤ እንደምነሣ ነበር። ደግሞ ወዲያው ማረሻ በሆነ እላለሁ።

ወታደሩ ሲመጣ አልሳቀብኝም። ማንንም ሳይጠይቅ ገባ፣ በሆዱ ተኛ፣ ከእግሬ ሥር ያለውን አፈር በጣቱ ይፍቅ ጀመር። ብዙ ቆየ። ከዚያ እጁ ቆመ። ቀና ሳይል፣ በለሆሳስ፣ “አባት፣ ቀስ ብለው ይነሡ” አለኝ።

የቦምብ ጅራት ነበር። ማርታ የመጨረሻውን ዶማ ካሳረፈችበት እስከ ብረቱ የቀረው አፈር አንድ ጣት አይሞላም። ሌሎች ወታደሮች መጥተው ገደል ወስደው ሲያፈነዱት ላሟ ገመዷን በጠሰች። ፎንቆ ገበያ ላይም ዓሣ የሚለኝ ሰው ጠፋ። ማርታ በሰላም ተገላግላለች፤ ልጇ ሴት ናት፣ ጯሂ ናት።

ሴቶቹ ግን አልማሩኝም። ተሰብስበው መከሩና፣ ማዳኑ ሌላ፣ መግባቱ ሌላ ብለው በግ ፈረዱብኝ። ከፈልኩ፤ በጉንም በሉት። ተናድጄ ነበር፣ አሁን ግን ልክ ናቸው እላለሁ፤ አንቺም ብትኖሪ እንደዚያው ትፈርጂ ነበር።

በጉ በተበላ ማግስት ማርታ በራሷ እግር መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። “አባባ፣ የቀረውንም ይዩልን” አለችኝ። ሴቶቹ ወጥተው አጥሩ ጋ ቆሙ፤ እኔ መኪናዬን ይዤ ገባሁ። እግርሽን ዘርግተሽ ከምትፍቂበት ጀምሬ፣ በየዓመቱ ቆጮሽን ከቀበርሽበት ሁሉ አዞርኩት። ጴጥሮስን አዝለሽ፣ አስቴርን አዝለሽ፣ ዶማ ስታነሺ ታየኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ብረቱ ከጎንሽ ነበር። ጆሮዬ ላይ ዝም አለ፤ ምንም የለም። ሴቶቹ ለምን ቆምክ ሲሉኝ ላብ ዓይኔ ገባ አልኳቸው።

ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ዶማ ከመነሣቱ በፊት እኔ እጠራለሁ፣ ማርታ ቃል ገብታልኛለች። እኔም ቃል ልግባልሽ። እግሬ እስከቆመ ድረስ በየዓመቱ ያንን ጓሮ እረግጣለሁ፣ አንቺ በተቀመጥሽበት ሁሉ እቆማለሁ፣ አስብሻለሁም። ወደ መቃብርሽ ስመጣ ግን መኪናውን ቤት ትቼው ነው። የብር አምባርሽ ከክንድሽ ጋር እንደ ወረደ አውቃለሁ፤ ያንን ቀጭን ድምፅ መስማት አልፈልግም። አንቺ የት እንዳለሽ ለማወቅ ነጋሪ አያስፈልገኝም።