ልዕለ ኃያላኑና የልጄ ሽማግሌዎች

እሑድ፣ ጥር 25

ተበላሸ። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ሳይናገሩ ሄዱ። በቻይና ምክንያት።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱም ጋቢያቸውን ለብሰው በራችን ላይ ቆሙ። ከፊት ከማንኪራ የመጡት ጋሽ ኮቺቶ፣ ልጄን ሊያገባ የሚፈልገው የዳዊት አጎት። ከኋላቸው ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጋሽ ተክሌ። ሦስተኛው የማላውቃቸው የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ገባሁ። የልጅቱ እናት በዚህ ነገር አፍ የላትም። ያላት መጋረጃና ጆሮ ብቻ ነው።

ሽማግሌ ቃሉን ሳይናገር አይቀመጥም። ይኼን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ባሌ አሰፋ ግን "እግሬ ታማሚ ነው፣ የቆመ ሰው ቀና ብዬ ማየት አልችልም፣ እባካችሁ ተቀመጡ" አላቸው። አዘኑለትና ተቀመጡ። አንዴ ከተቀመጡ በኋላ ምን ሽማግሌ አለ? እንግዳ ሆኑ።

ቴሌቪዥኑ እንደ ሁልጊዜው ዜና ላይ ነው። አሰፋ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደማቸው። "ለመሆኑ በዛሬው ዓለም ልዕለ ኃያል የምትሉት ማንን ማንን ነው?" አለ።

ጋሽ ኮቺቶ የልጅቱ አባት ሊፈትናቸው መሰላቸው መሰለኝ። ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ አሜሪካ አንድ፣ ሩሲያ ሁለት፣ ሌላው ተከታይ ነው አሉ። አሰፋ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ከቻይናዎቹ ጋር ግሬደር የነዳ ሰው ነው። ሩሲያ ያለቀ ጎማ ናት፣ ዛሬ ያሉት ቻይናና አሜሪካ ብቻ ናቸው አላቸው። ለማን ነው የሚናገረው? ዛሬ ንብ የሚያነቡትን ጋሽ ኮቺቶን በወታደርነታቸው ዘመን ታንክ ያስተማሯቸው ሩሲያኖች ናቸው።

"መንገድ ያነጠፈ ሁሉ ኃያል ከሆነ አንተም ኃያል ነሃ" አሉት።

"ከታንክ ወርዶ ንብ ከማባረር ይሻላል" አላቸው የኔው ጉድ።

ጋሽ ተክሌ ሊያበርዱ ህንድን አመጡ፣ የዓረብ አገሮችን አመጡ፣ ማን ይስማቸው! ጋሽ ኮቺቶ ብድግ ብለው "እኛ የመጣነው ለሌላ ነበር" አሉና ወጡ። ሁለቱም ተከተሏቸው።

ዓቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ከገባ እስከ ፋሲካ ሰርግ የለም። ልጄ ትዕግስት ደግሞ ሁለት ወሯ ነው። የምናውቀው እሷ፣ ዳዊትና እኔ ነን። አባቷ አያውቅም። ጻፍኩት እንግዲህ። ይኼ ደብተር ከኮረሪማው ከረጢት ሥር ነው የሚያድረው።

ሰኞ፣ ጥር 26

መውጫ ስፈልግ ዋልኩ።

ለአሰፋ ልንገረው? "ገመናቸውን ሊሸፍኑ ነው የመጡት" ብሎ በሩን ጭራሽ ይዘጋዋል። አውቀዋለሁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ።

ማንኪራ ሄጄ ጋሽ ኮቺቶን ልለምን? እናቲቱ ልጇን ይዛ ዞረች ይባላል። ትዕግስት ዕድሜ ልኳን ይኼን ትሸከማለች።

ዳዊት ራሱ ይምጣ? ልጅ ስለ ራሱ አይናገርም።

ዝም ልበል? እኔ ዝም ብል ሆድ ዝም አይል።

ትዕግስት ሥራ ሄዳ መጣች፣ ምሳዋን ነካካችና ተወችው። መድኃኒት ቤት ቀኑን ሙሉ ለሰው እርጉዝ ነሽ አይደለሽም ስትል ትውላለች፣ የራሷን ግን ይኸው። ልቆጣት ፈለግሁ፣ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

አሰፋ ከቴሌቪዥኑ አልተነቃነቀም። አምስት አገሮች አሉ አለኝ፣ አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ፤ ዓለም ሁሉ በአንድ ነገር ቢስማማ ከአምስቱ አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ ይቀራል። "ሌላው አገር ተሰብስቦ ምን ያደርጋል ታዲያ?" አልኩት። "ይናገራል፣ ያጨበጭባል" አለኝ። አንድ ሰው እምቢ ብሎ ቤቱ ሁሉ የሚቆምበትን አገር እኔ ቴሌቪዥን ሳልከፍት አውቀዋለሁ። አላልኩትም። ሽሮው ሊያርብኝ ነው ብዬ ተነሳሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ጋዝና ሳሙና ልገዛ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኛል። ቦንጋ ምን ይደበቃል! እትዬ ዘይነባ አባቷ ከወሎ መጥተው ነው እዚህ የወለዷት፣ ሱቋ በዕድሜ ከኔ ትዳር ይበልጣል።

"ባልሽ ሽማግሌ በፖለቲካ ያባርራል አሉ" አለችኝ። ሳቅሁ። መሳቅ ካቆምኩ ሰንብቻለሁ።

እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ማናቸው ኃያሎቹ አልኳት። መደርደሪያዋን አሳየችኝ። ባትሪው፣ ቴርሞሱ፣ ጫማው፣ ሳህኑ ከቻይና። ዋጋውን የሚያወጣው ደግሞ ዶላር። እዚያ ሩቅ ሩሲያ ጦርነት ሲነሳ ዘይቱና ማዳበሪያው እዚህ ይወደዳል። "ኃያል ማለት እሱ ሲያስነጥሰው አንቺ የምትታመሚለት ነው" አለች። ከዚያ ፊቴን አየችው። ከዘይት ሌላ የሚያሳስበኝ እንዳለ ገብቷታል። አልጠየቀችኝም። ሳሙናውን ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ እጄን ትንሽ ያዝ አደረገችው።

ሐሙስ፣ ጥር 29

ገበያ ላይ የዳዊትን እናት አገኘኋት። ማር ይዛ ተቀምጣለች። ጉዳዩ በሽማግሌ እጅ ስላለ እናቶች አናወራውም፣ ነውር ነው። በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዘንድሮ ቡና ተጠያየቅን። ሁለታችንም አንድ ነገር በጉሮሯችን ይዘን ስለ ማር እናወራለን። ስነሳ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የኔም። የገዛኋትን ማር ጨምራ መረቀችልኝ።

ቤት ስገባ መብራት ጠፍቷል። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆኖ አሰፋ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፣ ምንም የማያሳይ ነገር ያያል። አሳዘነኝ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ኮረሪማ መፈልፈል ጀመርኩ።

ድንገት እንዲህ አለኝ፣ "ቃሉን እንዳይናገሩት ነው ያወራሁት።"

ቀና አልኩ።

"በሩ ላይ ቆመው ሳያቸው ፈራሁ። ያለችኝን አንዲት ልጄን ነው የሚጠይቁኝ። አፋቸውን ከከፈቱ መመለስ አለብኝ። ቻይናም ሩሲያም ምኔ ናቸው?"

አራት ቀን ሙሉ በሆዴ ስሰድበው የነበረው ሰው ይኼ ነው። ትዕግስት ወጥታ መግባቷ ቀርቶ ቤቱ ባዶ እንዳይሆንበት ፈርቶ ነው። ያን ጊዜ አላስቻለኝም። እርጉዝ የሚለውን ቃል ግን ማውጣት አልቻልኩም። "አሰፋ፣ ይኼ ነገር ከፋሲካ በኋላ የሚሆን አይደለም" አልኩት። ብቻ ይኼን።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በጣቶቹ ወር ሲቆጥር አየሁት። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። ሚያዝያ ላይ ቆመ። አልጮኸም፣ አልመታኝም። ተነስቶ አልጋ ላይ ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኛ። ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም ነበር።

ምን አደረግሁ?

ዓርብ፣ ጥር 30

ስነሳ አሰፋ የለም። ከዘራውም የለም። ያቺን እግር ይዞ የት ይሄዳል? ዳዊትን ሊደበድብ ይሆናል አልኩ። ትዕግስት ጋ ደወልኩ፣ ዳዊት ሥራ ቦታው ነው፣ ደህና ነው አለች። ለምን እንደጠየቅኳት ነገርኳት። "አባዬ አወቀ?" ብላ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ትንፋሿን እሰማለሁ።

በር ላይ ስቆም፣ ስገባ፣ ስወጣ ስድስት ሰዓት ሆነ። ከዚያ በባጃጅ መጣ። ውሃ ጠጣ። ከጋሽ ተክሌ ቤት ነው የመጣው። ይቅርታ ብሏል። ጋሽ ተክሌም ቃሉ አልተነገረምና እንደመጣን አይቆጠርም፣ ያልተጠየቀ አልተነፈገም ብለዋል። ወደ ማንኪራ ሰው ልከዋል።

ጋሽ ኮቺቶ ይመጣሉ? አልኩት።

"እሱን ነው የማላውቀው" አለኝ። "ቤቱን ለማንኛውም ጥረጉት።"

ማታ ትዕግስት ስትገባ ቀና ብሎ አላያትም። ግን እራቱ ሲቀርብ "እሷ በደንብ ትብላ" አለ፣ ለኔ። እሷ ምግቧ ላይ አቀርቅራ አለቀሰች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

መጡ። ሦስቱም። ጋሽ ኮቺቶ ከፊት። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ፣ ትዕግስት ክንዴን ይዛለች።

አሰፋ ተቀመጡ አላላቸውም። እሱ ራሱ በከዘራው ተደግፎ ቆመ፣ እነሱም ቆሙ። ጋሽ ኮቺቶ ድምፃቸው ደረቅ ነው፣ ቅያሜው አለቀቃቸውም። ቢሆንም ተናገሩት፣ "ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል።"

አሰፋ ከዘራውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። እሱ እምቢ ካለ አበቃ፣ የሚያስገድደው የለም። ወጉ ደግሞ ዘመድ አማክሬ ላሳውቃችሁ ብሎ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቅጠር ነው። ሁለት ሳምንት ማለት ጾሙ በር ላይ ነው።

"ለማክሰኞ ተመለሱ" አለ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሰው "የትኛው ማክሰኞ?" አሉ።

"የፊታችን። ዘመዶቼ እዚሁ ናቸው።"

ሦስት ቀን! ልጁን በሦስት ቀን ቀጠሮ የሚሰጥ አባት ማን አይቶ ያውቃል? ጋሽ ኮቺቶ ቀስ ብለው ወደ መጋረጃው ተመለከቱ፣ ልክ እኛ ወደቆምንበት። ከዚያ እጅ ነስተው፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

ማክሰኞ ምን ይዘው እንደሚመጡ አላውቅም። እኚህ ሰው ሞኝ አይደሉም። ወደ ማንኪራ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ሦስቱን ቀን ከጾሙ ጋር፣ ጾሙን ከፋሲካ ጋር እየደመሩ ነው የሚሄዱት። ይቁጠሩ። አሰፋም ቆጥሯል።