ሁለተኛው በረኛ

እሑድ፣ ማርች 16። ከምሳ በኋላ።

በር ከፈትኩ፣ በር ዘጋሁ። ስልሳ ደቂቃ ሙሉ። ያለፈው ሳምንትም ይኸው ነበር። ሦስት ለሁለት አሸነፍን። ማርቲን ጎሉ ላይ ቆሞ ሠላሳ አንድ ጊዜ ፓኩን፣ ጠፍጣፋዋን የጎማ ክብ፣ መለሰ፤ እኔ የአግዳሚውን በር ይዤ ቆምኩ። የደከመው ተጫዋች ይገባል፣ ያረፈው ይወጣል፣ በሩ የሁለተኛው በረኛ ነው። የበረዶ ሆኪ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ፕሮፌሽናል የሆንኩ ጊዜ እማዬ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ልጄ በረኛ ሆነ ብላ ብትነግራቸው የየትኛው ሆቴል ብለው ጠየቋት። ያኔ ስቄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ሴቶቹ ብዙም አልተሳሳቱም።

አንቺንም በአማርኛ የምጽፍሽ ለዚህ ነው ደብተሬ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ተከፍተሽ ብትገኚ እንኳ የሚያነብሽ የለም። እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እያስገደደች ያስቆጠረችኝ ፊደል ለዚህ በቃ።

ስምንተኛ ነን። ፕሌይኦፍ፣ ጥሎ ማለፉ ውስጥ፣ የሚገቡት ስምንት ቡድኖች ናቸው። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ አራት ጨዋታ ብቻ ተሰልፌያለሁ። ነገ ከሁሉም ቀድሜ በረዶው ላይ ነኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 20። 3 p.m.

ቀድሜ ነበርኩ። ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ዛሬም። ከደቡብ ለንደን፣ ከኬኒንግተን፣ ሰሜን ቶተንሃም ድረስ በትሬይን፣ ቆሜ። ልምምዱ ካለቀ በኋላ መቶ ፓክ ምቱብኝ ብዬ ለመንኩ። ሁለት ልጆች ቀሩልኝ። ግራ ጉልበቴ ያብጣል፣ የቡድኑ የጉዳት ባለሙያ፣ ፊዚዮዋ ፕሪያ፣ በረዶ አሰረችልኝ። በረዶ ላይ ውሎ በረዶ መታሰር።

ማርቲን (ከእንግዲህ ማ.) ሄዶ መኪና ውስጥ ጠበቀኝ። ስሎቫክ ነው፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ። ወንበሩን የያዘብኝ ሰው ነው፣ ከክለቡ ደግሞ የምወደው እሱን ነው። ልምምድ ሲያልቅ ሁሌ እስከ ሰቨን ሲስተርስ ባቡር ጣቢያ ይሸኘኛል። የአጥቂዎቹን ልማድ ሳይሰስት ይነግረኛል፤ እኔም የማየውን እነግረዋለሁ። ከአግዳሚ ብዙ ነገር ይታያል።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5። ማታ።

ገባን! ሰባተኛ ሆነን ጨረስን። ማ. ምንም አላስገባም። ዱላዬን ወርውሬ ከሁሉም ጋር በረዶው ላይ ተከመርኩ። አሰልጣኙ፣ ዳግ፣ ካናዳዊ ነው፣ ስድስት ወር ሙሉ ሲስቅ አላየሁትም። ዛሬ ሳቀ። ጥርሱ አንድ የለም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 13። ሆሳዕና። 8 p.m.

ሩብ ፍጻሜ። ዓርብ ሜዳቸው ላይ ሁለት ለአንድ ተሸነፍን፣ ዛሬ እዚህ ሦስት ለአንድ። በድምር አራት ለሦስት። አለፍን። ግማሽ ፍጻሜ ቅዳሜ ነው፣ ፍጻሜው እሑድ፣ ሁለቱም ሰሜን፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ሊያልቅ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው አጥቂያቸው ከነፍጥነቱ ጎሉ ውስጥ ገባ። ጉልበቱ የማ.ን ራስ አገኘው። ማስኩ ዞረ። ማ. ተነሣ። ዳኛው ጠየቀው፣ ደህና ነኝ ብሎ አውራ ጣቱን አነሣ። ፕሪያ ከአግዳሚው ጮኻ ጠየቀችው፣ አሁንም አውራ ጣት። ጨረሰ። ሁለት ከባድ ፓክ ጭምር አዳነ።

ከዚያ መኪናው ጋ ቁልፉን ሰጠኝና አንተ ንዳ አለኝ። ማ. መኪናውን ለማንም አይሰጥም። መንገድ ላይ ስንት ለስንት ወጣን ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መልሶ ጠየቀኝ። ዞር ብዬ አየሁት። ገባው።

«ብሩኪ» አለኝ። ብሩክ አይሉኝም፣ ሁሉም ብሩኪ ነው የሚሉኝ። «ምንም አላየህም።»

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14። 5 p.m.

ቤቱ ሄድኩ። መጋረጃው ተዘግቷል። ሲያስመልሰው እንዳደረ ከአልጋው ሥር ያለው ሳህን ይናገራል። ልጁ ከአገሯ በቪዲዮ ደወለች፣ አራት ዓመቷ ነው። ብርሃኑ ዓይኑን ስለሚወጋው ስልኩን አርቆ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አዋራት። አባቴ የት ነህ ትለዋለች።

ቅዳሜ ከጀርመን አገር የክለብ ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ነገር ነው። ሁለት ጨዋታ ብቻ ስጠኝ፣ ከዚያ በጋውን ሙሉ እተኛለሁ አለኝ። ለማንም እንዳልናገር ማልልኝ አለኝ። አልማልኩም። እምቢም አላልኩም።

ደብተሬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ደረጃውን ስወርድ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ጭንቅላቱ አልነበረም። ከተናገርኩ ቅዳሜ የምሰለፈው እኔ ነኝ፣ እሱን ነው ያሰብኩት። ቀጥሎ አፈርኩ። ቀጥሎ ደግሞ ሁሉም ይህን ሐሳቤን ያውቁብኛል ብዬ ፈራሁ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15። 7 p.m.

ቀላል ልምምድ። ከግራ የሚመጣውን ፓክ ማ. አያየውም። ሦስት ጊዜ በጆሮው አጠገብ አለፈ። ልጆቹ ሳቁ፣ ለጨዋታው ጉልበቱን እየቆጠበ መሰላቸው። ፕሪያ ጽ/ቤት ስብሰባ ላይ ነበረች። እኔ አየሁ።

ወደ ቤቴ አልሄድኩም፣ እማዬ ጋ ወጣሁ። ሰሞነ ሕማማት ስለሆነ አልሳመችኝም። ከበሩ ላይ በእጇ ግባ አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ዋርድ ስታጸዳ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው፤ በሽተኛ ከፊት ታውቃለች። የኔንም ፊት አየችው። የማ.ን ነገር ነገርኳት። ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቆም ጠየቀችኝ።

«ጓደኛህ ታሟል ነው የምትለኝ?»

«አዎ።»

«ሐኪም ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አንተስ?»

ብናገር ቦታውን ሊቀማ ነው ይሉኛል፣ ስሜ ይጠፋል አልኳት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ስሜ ይጠፋል ብለህ ሰው ይጥፋ?»

ጫማህን ምንጣፉ ላይ አታውጣ አለችኝ፣ ምስር አቀረበችልኝ፣ በላን። በባስ ስመለስ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ላይ መንገድ ተዘግቶ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። እየሄድኩ ወሰንኩ። በጀርባው አልሄድም። መጀመሪያ ለራሱ እነግረዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 16። ከሰዓት።

8፡30 a.m. መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቅኩት። እስከ 10 a.m. አንተ ለፕሪያ ንገራት፣ ካልነገርክ እኔ እነግራታለሁ አልኩት። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው።

ከዚያ ነጭ ሆነ። «ዓመቱን ሙሉ ወንበሬን ስታይ ነበር» አለኝ። «አሁን አገኘህ።»

ወደ ውስጥ ገባሁ። 10 a.m. ሆነ። ማ. ዕቃውን እየለበሰ ነው። የፕሪያን በር አንኳኳሁ።

እሷ አንድም ጥያቄ ስለ እኔ አልጠየቀችኝም። ማ.ን አስጠራችው፣ ሃያ ደቂቃ ቼክ አደረገችው፣ በአንድ እግሩ አቆመችው፣ ቃላት አስያዘችው፣ መልስልኝ አለችው። ከአምስቱ ሁለቱን መለሰ። ከሰዓት ሆስፒታል ወሰዱት። ኮንካሽን፣ የአንጎል መናወጥ። ለዘንድሮ አበቃለት።

ዳግ ጠርቶኝ ቅዳሜ አንተ ትሰለፋለህ አለኝ። ፊቴን አላየም።

መልበሻ ክፍል። ስገባ ወሬ ቆመ። ካፒቴናችን ሊያም፣ ግንባሩ በስፌት የተሞላ ሰው፣ በሁሉም ፊት ጠየቀኝ። ለቦታው ብለህ ነው?

«ቦታውን እፈልገዋለሁ» አልኩት። «የተናገርኩት ግን ስለታመመ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።»

የጫማዬን ክር ሦስት ጊዜ አሰርኩ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17።

ልምምድ አስቀያሚ። የሚመቱት ሁሉ ከፍ ብሎ ወደ አንገቴ። በድንገት ነው ይላሉ። አንዱንም ሳልሸሽ ቆምኩ። ሌላ መልስ የለኝም።

ለማ. ሦስት መልእክት ላክሁ። አንብቧቸዋል። አልመለሰም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18። ስቅለት።

ባስ ውስጥ፣ ወደ ሰሜን። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። እማዬ ዛሬ ስትሰግድ ነው የምትውለው። ጾሙ ከጨዋታ ጋር ሲጋጭ አልጾምም፤ ያንተንም እኔ እጾማለሁ ትለኛለች። ጉልበቷን አስባለሁ፣ የኔን ጉልበት አስባለሁ። መስኮቱ ዝናብ። አልፈራሁም ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት ነው። ፈርቼም እቆማለሁ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19። ከጨዋታው በኋላ።

በስድስት ደቂቃ ሁለት ጎል! የመጀመሪያው ከራሳችን ተከላካይ ጫማ ተመልሶ። ሁለተኛው ግልጽ ነበር፣ አየሁት፣ እጄ ዘገየ። አዳራሹ ጮኸ። ዳግ ጨዋታ አስቆመ። ሁሉም ወደ አግዳሚው ሄዱ፣ እኔ ብቻዬን ጎሌ ላይ ውኃ እጠጣለሁ። ሊያም ተመለሰና አጠገቤ ቆመ። ሲቆጣ እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሁለቱ የኛ ጥፋት ናቸው» አለኝ። «ሦስተኛው ግን ያንተ ይሆናል።»

ሦስተኛው አልመጣም።

ምን እንዳደረግኩ በደንብ አላስታውስም ደብተሬ። የማስታውሰው ድምፅ ነው። ፓክ ደረቴን ሲመታ፣ ብረቱን ሲመታ። ከሦስቱ ፒሪየድ በሁለተኛው አንድ አገባን። ሦስተኛው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሊያም አቻ አደረገ። ተጨማሪ ሰዓት። ቁጥር 17 ብቻውን መጣብኝ። ይህን ሰው ሁለት ዓመት ከአግዳሚ አይቼዋለሁ፤ ሁሌ ወደ ቀኝ አስመስሎ ወደ ግራ ይሄዳል። ጠበቅኩት። ወደ ግራ ሄደ። እግሬ እዚያ ነበረች። ከዚያው ፓክ ተነሥተው ልጆቹ ሄደው አገቡ።

ሦስት ለሁለት። አርባ አዳንኩ አሉኝ። ተሸክመውኛል መሰለኝ። ፍጻሜ ነን።

ለእማዬ ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። ለትንሣኤው ቅዳሴ ገብታለች። ለማ. ጻፍኩ። አነበበ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20። ፋሲካ። ማታ።

ጠዋት እማዬ ስትደውል ድምፅዋ ሰልሏል፣ ስትዘምር አድራለች። እንኳን አደረሰህ አለችኝ፣ ዶሮውን ምንም ሳላስቀርልህ አልበላውም አለችኝ። ስለ ጨዋታው ስነግራት ጥርስህ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አለ።

ተሸነፍን። ሁለት ለአንድ። የመጨረሻው አራት ደቂቃ ሲቀረው በእግሮቼ መካከል ገባ። የሰው እግር አልነካው፣ አቅጣጫ አልቀየረ። የኔ ነው። ጽፌዋለሁ፣ እዚህ ይቀመጥ።

ስንጨባበጥ ዓይኔን ከማንም አልሰበርኩም። ዳግ ትከሻዬን ያዘና ረቡዕና ሐሙስ ዕረፍ፣ ዓርብ ደውልልኝ አለኝ። ሊያም ባሱ ላይ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እስከ ለንደን ትከሻዬ ላይ አንኮራፋ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 23። 2 p.m.

ማ. ጠራኝ። መጋረጃው ግማሹ ተከፍቷል። ፀሐይ መነጽር አድርጎ ፓስታ ቀቅሏል። ሁለታችንም ዝም ብለን በላን።

ከዚያ ሐኪሙ ያለውን ነገረኝ። በዚያ ላይ ሌላ ምት ቢጨመርበት ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር። አልደግመውም እዚህ። የጀርመኖቹ ነገር ቀርቷል፣ ሌላ ሰው ወስደዋል። አገሩ ገብቶ ልጁ ጋ ሊያርፍ ነው። ኦገስት ላይ ጭንቅላቱ ከዳነ ይመለሳል፣ ኮንትራቱ አንድ ዓመት ይቀረዋል።

ያመሰግነኛል ብዬ አልሄድኩም። አላመሰገነኝም። «አሁንም ተናድጄብሃለሁ» አለኝ። ይግባኛል አልኩት። «ደግሞ በእግርህ መካከል ያስገባኸውን አይቼዋለሁ፣ ዱላህን ቀድመህ አንሥተሃል።» ተነሥቶ፣ የመጥረጊያውን እንጨት ይዞ ሳሎኑ መካከል እንዴት መቆም እንዳለብኝ ሊያሳየኝ ሞከረ። ራሱ ዞረበት። ይዤ አስቀመጥኩት። እጄን ቶሎ አልለቀቀም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 25። 9፡40 a.m.

እንቅልፍ ጠግቤ ተነሣሁ። ጉልበቴ ዛሬም አብጧል።

አልነገርኩሽም እንጂ ከገና ጀምሮ ዘንድሮ ይበቃኛል ስል ነበር። ክፍት የስፖርት መምህርነት ቦታ አግኝቼ ፎርሙን ሞልቼ አስቀምጬዋለሁ። ጥሩ ሥራ ነው፣ የሚናቅ አይደለም። ዕድሜዬም እሱን ይላል።

ዳግ ግን ትናንት መልእክት ላከ። አንድ ዓመት ጨምር፣ አንደኛው በረኛ አንተ ነህ። አሰብኩበት። ማ. በሕመም የለቀቀውን ወንበር እንደ ስጦታ አልቀበልም። አንድ ዓመት እፈርማለሁ፣ በአንድ ነገር ብቻ። ኦገስት ላይ ማ. ድኖ ከመጣ ቦታው ክፍት ይሁን። ሁለታችንም በረዶው ላይ እንወዳደር፣ የተሻለው ይቁም። እሱ ከበለጠኝ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ግን አይበልጠኝም። ሦስት ወር አለኝ።

ዳግ እምቢ ካለም መልሴ ያው ነው፤ ያለዚህ አልፈርምም።

እየደወልኩ ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ይጠራል። ይጠራል። አነሣ—