ከሠንጠረዥ አሥራ አራት እንድወጣ ስለመጠየቅ

ለማኅበራዊ አገልግሎትና ለጤና መድን ፖሊሲ ጥናት ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና በሥርዎ ያሉት ተመራማሪዎች በሙሉ በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህንንም የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ የሕዝብን ጤና ሲያጠና የሚውል ሰው ራሱን እንኳ ቢያመው እኛ በምን አንደበት እንዴት ዋሉ እንደምንለው ስለሚጨንቀኝ ነው። እኔ ጤና ነኝ። ጤንነቴን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ታትሞ ወጥቷልና።

ሥራዬ የፍሪጅ ጥገና ነው። ሠፈርተኛው «በረዶው» እያለ ይጠራኛል፤ በእናንተ መዝገብ ግን የቤት ቁጥር ሁለት መቶ ሰባት ነኝ። የምኖረው በኪራይ ቤት ሲሆን፣ በመንገዱ በኩል ያለችው ክፍል ሱቄ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለችው ደግሞ መኝታችን ናት። «መኝታችን» ያልኩት በልማድ ነውና ይቅርታ ይደረግልኝ፤ አሁን መኝታዬ ናት።

ይህንን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴም እርስዎን በአደባባይ ለማሳጣት አይደለም። በመዝገብ ቤትዎ በኩል አራት ደብዳቤ ልኬ፣ አራቱ ደርሰው እንደሆነ ለመጠየቅ አምስተኛ ጽፌ፣ የአምስተኛውም መልስ ስለዘገየብኝ ምናልባት ክቡርነትዎ ጋዜጣ የሚያነቡ እንደሆነ ብዬ ነው።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባሳተማችሁት መጽሐፍ ገጽ ስድሳ ሦስት ላይ፣ በሠንጠረዥ አሥራ አራት፣ «የጤና ሁኔታቸው የተሻሻለ አባወራዎች» በሚለው ዓምድ ሥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤቶች ተመዝግበዋል። አንደኛው የእኔ ቤት ነው። ከዚያ ዓምድ እንዲያወጡኝ እለምናለሁ። ምክንያቴንም ከነምስጋናው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቆጠራው አመሰግናለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት አንዲት ወጣት መረጃ ሰብሳቢ፣ ያሳደጓትን የምታስመሰግን ጨዋ ልጅ፣ ወደ ደጃችን መጥታ የነጻ ሕክምና ካርድ ከያዙት መካከል የሚገባቸውንና የማይገባቸውን ለመለየት ጥናት እየተደረገ መሆኑን አስረዳችን። ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ስለነበረችና ኢንሱሊኗን በየወሩ በዚያ ካርድ ስለምትወስድ ካርዱን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቀው። ለልጅቷ ያለችንን አንዲት ወንበር ለቅቃላት እሷ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ወለሉና ስለ ውሃው ከጠየቀች በኋላ በዚህ ቤት ውስጥ ስንት ፍሪጅ እንዳለ ጠየቀችኝ። እኔም ስምንት አልኩ። ስምንት ስል ደረቴ እንዴት እንደተነፋ አልደብቅዎትም፤ በአንድ ጠጋኝ ቤት ስምንት ፍሪጅ ቆመ ማለት ስምንት ሰው አምኖት ንብረቱን ሰጠው ማለት ነውና አንዱንም ሳልዘል ቆጠርኩላት፣ እንዲያውም ገና የጨረስኩትን በሩን ከፍቼ ቅዝቃዜውን በእጇ እንድትፈትሸው አደረግሁ። ባለቤቴ ከሣጥኑ ላይ ሆና «የሰው ናቸው፣ ንገራት እንጂ!» አለችኝ። ነገርኳት። ልጅቷ ግን መልሱን የምትሞላበት የእጅ ማሽን የሚቀበለው ቁጥር ብቻ እንደሆነ፣ የማን ነው ለሚል ጥያቄ ቦታ እንደሌለው በትሕትና ገለጸችልን፤ አሳየችንም፣ በእርግጥም የለውም። አበው የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት ይህ ማሽን ከመፈልሰፉ በፊት ኖሯል።

ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ በሠፈሩ አንደኛ ሀብታም ሆኜ ተገኘሁ፤ አምስተኛው እርከን፣ ከላይ ሌላ እርከን የሌለበት፣ የነጻ ሕክምና ካርድም የማይገባው። ከእኔ ቀጥሎ የወጣው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነው። እሱ ያሉት ሁለት ፍሪጆች ሲሆኑ አንደኛው ለጥገና እኔ ዘንድ ስለነበር ለእኔ ተቆጥሮልኛል። ኪራይ የምከፍላቸው ጋሼ አከራዬ ደግሞ ቤታቸውን ቀለም ሊያስቀቡ ዕቃቸውን ሁሉ ወደ እኅታቸው ቤት አግዘው ስለነበር ባዶ ክፍል ውስጥ ተገኝተው ከድሃም ድሃ ተብለው ካርድ ተሰጣቸው። እንኳን ደስ አለዎት ብላቸው በሳቅ ሊሞቱ ነበር። እኔም ሳቅሁ፣ ባለቤቴም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስህተት መስሎን ነበር፤ ስህተት ደግሞ ይታረማል ብለን ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ አቤቱታ አቀራረቡ አመሰግናለሁ። አቤቱታ ሰሚው፣ ሹራባቸውን በወንበራቸው ላይ አስቀምጠው የሚጠፉ የተከበሩ ሰው፣ በሦስተኛው ቀን ሲገኙ ፍሪጆቹ የእኔ አለመሆናቸውን በማስረጃ እንዳረጋግጥ አዘዙኝ። ደንበኞቼን አንድ በአንድ እየዞርኩ ለመንኩ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ፋርማሲስቷ፣ ሥጋ ሻጩና ሌሎቹም ሥራቸውን አቁመው ፍሪጁ የእነሱ መሆኑን ጽፈው ፈረሙልኝ። አቤቱታ ሰሚው ስምንቱንም ወረቀት ጣታቸውን በምራቅ እያረጠቡ በጥሞና ካነበቡ በኋላ፣ ስምንት ቋሚ ደንበኛ ያለው ሰው ሥራው የሠመረለት መሆኑ በጽሑፍ ስለተረጋገጠ ማስረጃዬ ከአምስተኛው እርከን ፋይሌ ጋር እንዲያያዝ ወሰኑ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የሚባለው እውነት መሆኑን የተረዳሁት በዚያ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ነው። ለማንኛውም ሁለተኛው ዙር ቆጠራ ከሁለት ዓመት በኋላ ስለሚካሄድ እስከዚያ እንድታገሥ ተመከርኩ። እኔ ታጋሽ ነኝ። የስኳር ሕመም ሁለት ዓመት እንዲታገሥ ማመልከቻ የሚቀርብበትን መስኮት ግን የሚያሳየኝ አላገኘሁም።

ሦስተኛ፤ ይህን ቁጥር ጽፌ ብዕሬን ካስቀመጥኩ ሦስት ቀን ሆነኝ።

ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል። እኛ የራሳችን ፍሪጅ ስላልነበረን ባለቤቴ መድኃኒቷን የምታስቀምጠው እኔ ጠግኜ ለሙከራ በማቆየው የሰው ፍሪጅ ውስጥ ነበር፤ ባለቤቱ መጥቶ ሲወስደው ወደ ሌላው ታዛውረዋለች። «መድኃኒቴ ከእኔ የበለጠ ሀብታም ቤት ይገባል» እያለች ትቀልድ ነበር። ካርዱ ከተወሰደብን በኋላ ከፋርማሲስቷ በየወሩ እገዛላት ጀመር። በአራተኛው ወር ልገዛ ስነሣ ገና አላለቀም አለችኝ። በሚቀጥለውም ጊዜ እንዲሁ። ሐኪሙ ስኳሬ ስለተስተካከለ መጠኑን ቀንሶልኛል አለችኝ፣ እኔም ደስ አለኝ፤ ክቡር ሆይ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ። የኮምፕረሰር ድምፅ ከውጭ ሰምቼ ጋዙ ምን ያህል እንደቀረው የምናገር ሰው ነኝ። በአንድ ክፍል አብሬያት እየኖርኩ ሚስቴ እያለቀች መሆኗን አልሰማሁም።

እግሯን የሱቄ ወለል ላይ የወደቀ ቁራጭ ቆርቆሮ ጫረው። ጭረቱ ቆሰለ፣ ቁስሉም ጠቆረ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ መድኃኒቱን በምን ያህል መጠን እንደምትወስድ ጠየቃት። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ግማሹን» አለች፣ «ከዐሥራ አንድ ወር ወዲህ።» በዘጠነኛው ቀን ሞተች። አርባ አራት ዓመቷ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስለኝ ነበር።

በዚህ ተራ ቁጥር ሥር የማመሰግንዎትን ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ወደፊት ባገኝ እልካለሁ።

አራተኛ፤ ቃላችሁን አክብራችሁ በሁለተኛው ዓመት በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። የመጣችው ያችው ጨዋ ልጅ ነበረች። ገና ከደጅ ሆና «እትዬስ?» አለችኝ፤ ነገርኳት። ወንበሩ ባዶ ነበር፣ ግን አልተቀመጠችም፣ ቆማ ጠየቀችኝ። ባለፉት ሠላሳ ቀናት በዚህ ቤት የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቀች፤ የለም አልኩ። ሕክምና ፍለጋ የሄደ ሰው እንዳለ ጠየቀች፤ የለም። ለመድኃኒት የወጣ ወጪ? የለም። ማሽኑ ካልሞሉለት ወደሚቀጥለው ስለማያሳልፍ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ብላ ሞላችለት። ከቤተሰቡ ቁጥር ላይ አንድ ስትቀንስ ማሽኑ ምክንያቱን አልጠየቃትም። ይልቁንም ሁለት የነበርነው አንድ መሆናችንን በራሱ አስልቶ የነፍስ ወከፍ ገቢዬ በእጥፍ ማደጉን በአረንጓዴ ቀለም አበሠረን። ልጅቷ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ ወጣች። እባክዎን በዚህ እንዳይቀጧት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከጽሕፈት ቤትዎ ስለ ባለቤቴ የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

አምስተኛ፤ ስለ ሰጣችሁኝ ሥራ አመሰግናለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት የስብሰባ አዳራሻችሁ ፍሪጅ በመበላሸቱ፣ ለመጽሐፉ ምረቃ የተዘጋጀው የእንግዶች ውሃም በአስቸኳይ መቀዝቀዝ ስለነበረበት ተጠራሁ። ፍሪጁን ከግድግዳው ለማላቀቅ ከጎኑ የተደረደሩትን ካርቶኖች ማንሣት ነበረብኝ፤ የአንደኛው ሥሩ ተቀድዶ መጻሕፍቱ እግሬ ላይ ፈሰሱ። ስለዚህ ጥናታችሁን ያነበብኩት ከምረቃው እንግዶች ሁሉ ቀድሜ፣ ወለል ላይ ተቀምጬ፣ መፍቻዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው። ወረቀቱ እጅግ ጥሩ ነው። ከነጻ ሕክምና ተጠቃሚነት በወጡት አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤቶች ሕመምም ሆነ የሕክምና ወጪ ከሞላ ጎደል መጥፋቱን፣ ይህም ነጻ አገልግሎቱ ሰዎች ያለ በቂ ምክንያት ሐኪም ቤት እንዲመላለሱ ያበረታታ እንደነበር እንደሚያመለክት፣ ስለሆነም አሠራሩ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሁሉ እንዲስፋፋ እንደሚመከር ይገልጻል። አንቀጹን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ተነሥቼ ፍሪጁን ጠገንኩ፤ ውሃው ለእንግዶቹ ቀዝቅዞ እንደደረሰ ተስፋ አደርጋለሁ።

እስካሁን በጨዋ ደንብ ስጽፍ ቆይቻለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ያለ ደንብ ልናገር። ባለቤቴ ያለ በቂ ምክንያት ሐኪም ቤት የምትመላለስ ሰው አልነበረችም። ሰልፍ ትጠላ ነበር። ወረፋዋ ሲደርስ ከኋላዋ የቆመች ሕፃን ያዘለች ሴት ካየች ታሳልፍ ነበር። ካርዱን በወሰዳችሁበት ጊዜ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ ዝም ብላ ከራሷ ላይ ቀነሰች። እናንተ ግን ያን ግማሽ መርፌ ቆጥባችሁ ያተረፋችሁት አስመስላችሁ፣ ሞቷን ደግሞ ለሌሎች እንዲዳረስ መከራችሁ። ተቆጥቻለሁ፤ እንድትቆጡ ሳይሆን እንድታውቁት ነው።

ስለዚህ አራት መቶ አሥራ ሁለት የሚለው አራት መቶ አሥራ አንድ ተብሎ እንዲታረምልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አንድ ቤት በመውጣቱ የሠንጠረዡ ድምር እንዳይፋለስባችሁ የምትሰጉ ከሆነ፣ ከጎኑ አንዲት ጠባብ ዓምድ ከፍታችሁ «በሽተኛቸውን የቀበሩ አባወራዎች» ብትሉና እዚያ ብታስገቡኝ ቅር አይለኝም። እዚያ ለመመዝገብ የሚጠየቅ ማስረጃ ካለ አሟልቼ አቀርባለሁ።

ጥናትዎን ዕድሜ ይስጠው፣ ማሽንዎን ከብልሽት ይጠብቀው፣ እርስዎንም ጓዳዎ ገብቶ ዕቃዎን ከሚቆጥር ሰው ይሰውርዎ እያልኩ ደብዳቤዬን በታላቅ አክብሮት እቋጫለሁ።

የአምስተኛው እርከን ባለጸጋ፣ ነፍስ ወከፉ በእጥፍ ያደገለት፣ ጤንነቱ በመንግሥት የተረጋገጠለት ታዛዥዎ፣
የቤት ቁጥር ሁለት መቶ ሰባት፣ የፍሪጅ ጠጋኙ

ግልባጭ፦
ለአቤቱታ ሰሚው፤ ከፋይሌ ጋር እንዲያያዝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከእኔ ቤት ሦስተኛው ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ትኖራለች፤ የልብ ሕመምተኛ ናት። ግድግዳዋ ላይ የተሰቀለው የደንበኞቿ ልብስ የራሷ ተብሎ ስለተቆጠረባት እሷም ካርዷን ተነጥቃለች። ትናንት ሄጄ ጠየቅኋት። መድኃኒቱን ካቆመች አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆኗታል፤ ለመረጃ ሰብሳቢዋም ወጪ የለብኝም፣ ሐኪም ቤትም አልሄድኩም ብላ እውነቱን መልሳለች፤ ስለዚህ በሠንጠረዥ አሥራ አራት እሷም ተሻሽላለች። ከደጇ እስከ ውሃው ቧንቧ ስትሄድ ሁለት ጊዜ ቁጭ ትላለች። ገና በሕይወት ስላለች፣ ቶሎ ከመጡ ያገኟታል።